ክዳኑ እሷ ጋ፣ ሆዱ እሱ ጋ

ሰፈርተኛው «መጋረጃዋ» ይላታል። መጋረጃ ትሰፋለች፤ ቀሚስ አሳጥሪልኝ፣ ሱሪ ጠበበኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ገና በሩ ላይ ፊቷን አይቶ ሐሳቡን ይቀይራል። ሱቋ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት ነው፤ አንድ ሰፊ መስኮት፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በየመደርደሪያው የተጠቀለለ ጨርቅ። የገባ ሰው ግን ዓይኑ ጨርቁ ላይ አያርፍም። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ክዳን ተሰቅሎበታል። የድስት ክዳን እንዳይመስላችሁ፤ የከሰል ምድጃ ክዳን ነው። ያ ድሮ ሰው ግቢው ውስጥ አውጥቶ ስጋ የሚጠብስበት፣ ሦስት እግር ያለው፣ ሆዱ ክብ፣ ክዳኑ ጉልላት የሚመስል፣ እንደ ድሮ ሰሃን በሚያብረቀርቅ ኢናሜል የተለበጠ ምድጃ። ቀይ አለ፣ ቡናማ አለ፣ የሰናፍጭ ቢጫ አለ። ሆዳቸውስ የት ሄደ ብሎ ለሚጠይቅ ደንበኛ፣ «ሌባ ጋ ነው» ትለዋለች፣ መርፌዋን ከከንፈሯ ሳታወጣ።

ሌባ የምትለው የቀድሞ ባሏን ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሰውየው ክፉ አልነበረም። እሷም አትክደውም፤ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው። ቢጠጣ፣ ቢማታ፣ ውጭ ቢያድር ሰው ያዝንላት ነበር። ባሌ የድሮ ምድጃ ይሰበስባል ብላ ለማን ትክሰሰው? ታናሽ እህቷ እንኳ መጀመሪያ ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሻይዋን ጭኗ ላይ አፍስሳለች።

ልክፍቱ የጀመረው በነፃ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ በነፃ ነው የሚጀምር። በሚነዳበት መስመር ላይ አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ጥቁር ምድጃ መንገድ ዳር ተጥሎ አየ። አውቶቡሱን አቁሞ፣ ተሳፋሪው እያጉረመረመ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ጭኖት መጣ። በሳሙና አጠበው፣ በዘይት አሸው፣ እህል ውሃ ረስቶ ሲያየው ሰነበተ። ከዚያ «ብቻውን ደበረው» ብሎ ሁለተኛ አመጣ። የሁለተኛው እግር ከመጀመሪያው ይለያል፤ እንግዲያው እግሩ እንደ ሁለተኛው፣ እጀታው እንደ መጀመሪያው የሆነ ሦስተኛ መኖር አለበት ተባለ፤ ተፈልጎም ተገኘ። እስከዚህ ድረስ ማንም ሰው ሊድን ይችላል። ሹፌሩ ያለቀለት ፊደሏን ያወቀ ቀን ነው። ክዳኑ አናት ላይ ጭስ የሚወጣበት፣ በጣት የሚሽከረከር ትንሽ ክብ ብረት አለ። እሱ ላይ አንዲት ፊደል ተቀርጻለች፤ ምድጃው የተሠራበትን ዓመት የምትናገረው እሷ ናት። ይህን ያወቀ ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ምድጃ አያይም፤ የጎደለውን ፊደል ነው የሚያየው። የወለቀ ጥርስ ቦታን ምላስ እንደማይተወው፣ ሹፌሩም የጎደለችውን ፊደል ይዞ ይተኛል፣ ይዟት ይነሳል።

እሑድ እሑድ የሚውልበት ቦታም አገኘ። «ዝገቱ» የሚሉት የአሮጌ ብረት ነጋዴ አለ፤ የዚህ ሰው ጓሮ የምድጃ ሰዎች መሰብሰቢያ ነው። የጥርስ ሐኪም ይመጣል፣ ቀለም ቀቢ ይመጣል፣ ጡረተኛው ሁሉ ይመጣል። አንዱ የአንዱን ክዳን በጣቱ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ደቅኖ ድምፁን ይሰማል፣ ከዚያ በልቡ ይመቀኛል። ራት ላይ ደግሞ ሹፌሩ የዋለበትን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ለሚስቱ ይዘረግፍላታል። እሷ እየዘመዘመች «እህ» ትላለች። ሳትወድ ሁሉንም ተማረችው። ኢናሜል ውሃ ከተኛበት እንደሚበላ፣ አመድ ካደረበት ብረቱ እንደሚበሰብስ፣ አብሮት ከተሠራው ሆድ ጋር ያለ ክዳን «የልጅነት ትዳር» እንደሚባል፣ ከሌላ ሆድ ጋር የተገጣጠመው ደግሞ «ሁለተኛ ትዳር» ተብሎ እንደሚሳቅበት። መቼ ቁም ነገር መሰላት። ባል ዝም ከሚል ምድጃ ምድጃ ቢል ይሻላል ብላ ነበር የምትሰማው።

እህቷ የወለደች ጊዜ ልታርሳት ሄዳ ሰነበተች። ተመልሳ በሩን ስትከፍት የስፌት መኪናዋ በነበረችበት ጥግ ምድጃ ቆሟል። ቀለሙ አረንጓዴ ነው ስትሉት ሰማያዊ ይሆናል፣ ሰማያዊ ነው ስትሉት ይመለሳል። የምድጃ ሰዎች «የርግብ አንገት» ይሉታል። ሹፌሩ ከጎኑ ቆሞ እንደ ሙሽራ ይሽኮረመማል። መኪናዬስ? አለችው። ለውጧታል። ባለ ምድጃው ሰውዬ ለልጁ የስፌት መኪና ይፈልግ ነበር፤ ሹፌሩም እግዜር በር የከፈተለት መሰለው። ያቺን መኪና ገና ልጃገረድ ሳለች፣ የሰው ጨርቅ ስትሰፋ ዓይኗ እስኪፈዝ ሠርታ ነው ያገኘቻት። የመርገጫዋን ድምፅ ከመቶ መኪና ለይታ ታውቀዋለች። በላይዋ ላይ ደግሞ የአንድ ትልቅ ሆቴል መጋረጃ ጀምራ ነበር።

«የስፌት መኪና በየሱቁ ሞልቷል፤ እገዛልሻለሁ» አላት። «የርግብ አንገት ግን በዚህ ከተማ ይሄ ብቻ ነው።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ኖሮ ይወጣላት ነበር። ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ ያን የሚያብለጨልጭ ነገር አየችው፣ ከዚያ ባሏን አየችው፤ እሱ ገና ፈገግ እንዳለ ነው፤ አድናቆት እየጠበቀ ነው። አንጀቷ ያረረው ያን ጊዜ ነው። ሆቴሉ መጋረጃውን ለሌላ ሰፊ ሰጠ። እገዛልሻለሁ የተባለችው መኪና ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ደሞዝ ሲወጣ እየተባለች ቀረች፤ ደሞዝ ሲወጣ የመጣው ቡናማ ምድጃ ነው። መጋረጃዋ ሻንጣዋን ያዘችና ወደ እህቷ ሄደች። ከሻንጣው የሚከብድ ቂምም ይዛ ነበር።

ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛዋ ያላችሁን እኩል ተካፈሉ አለች። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ወንበሩ አለቀና ምድጃዎቹ ላይ ሲደረስ ሹፌሩ ፈጠን ብሎ እሷ አትፈልጋቸውም፣ ስማቸውንም አትወድ አለ። መጋረጃዋ ተነሳች። ለዚህ ቀን ስትዘጋጅ ነው የከረመችው።

«እኩል ከተባለ እኩል ነው» አለች። «ክዳኑ ለእኔ፣ ሆዱ ለእሱ።»

ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ አየቻት። ጸሐፊው ሳቁን በሳል ዋጠው። ሹፌሩ አመድ መሰለ። ያኔ እንኳ ቢለማመጥ፣ እባክሽ ቢል ምናልባት ልቧ ይራራ ነበር፤ ምናልባት ነው የምላችሁ። እሱን ግን ኩራቱ ያዘውና ትውሰደው፣ ወር ሳይሞላት እጅ እጅ ሲላት ራሷ ተሸክማ ታመጣዋለች አለ። ይህን ያለው ሚስቱን ስለማያውቃት ነው። ሆድ የሌለው ክዳን ዓመቱን ይናገራል፣ ፊደሉ እሱ ላይ ነው፤ ክዳን የሌለው ሆድ ግን ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ በምን ይለያል? ይህንንም ያስተማራት ራሱ ነው፣ ራት እየበላ።

ከዚያ በኋላ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሯ ላይ መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የርግብ አንገቷን ክዳን ስጪኝ ብሎ እንዲለምናት። የምትመልስለትንም አዘጋጅታለች። መጀመሪያ ቁጭ ታደርገዋለች፤ ውሃ አትሰጠውም። እስኪጨርስ ዝም ብላ ትሰማዋለች። ከዚያ ልክ ልኩን ትነግረዋለች፤ ስለ መኪናዋ፣ ስለ ሆቴሉ፣ ስለዚያ ፈገግታ። እህቷ ፊት ስንት ጊዜ ተለማምዳዋለች፤ ሕፃኗ እንኳ አፍ ስትፈታ ከቃሉ ግማሹን ሳትሰማው አትቀርም።

ሱቁን የተከራየችበትን ቦታ ሰው በአጋጣሚ ይመስለዋል። ምን አጋጣሚ አለ! ፌርማታው የእሱ መስመር ላይ ነው። ክዳኖቹን ሰቀለች፣ የርግብ አንገቷን መስኮቱ ላይ ፊቷን ወደ መንገድ አዙራ አስቀመጠቻት፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍባት መንገዱ ማዶ ድረስ ታበራለች። የእሱ አውቶቡስ ሲመጣ ገና ከሩቅ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ተሳፋሪ ቢወርድም ባይወርድም ይቆማል። እሷ ያን ጊዜ ክዳኗንና ለስላሳ ጨርቅ ይዛ ትወጣና ታሻታለች፣ ቀስ እያለች፣ እያዞረች። ቀና ብላ አታየውም። የሚያፏጭ ተሳፋሪ፣ ሹፌር እንሂድ እንጂ የሚል ተሳፋሪ ስትሰማ ቀኗ ብሩህ ይሆናል። እንዲህ እያደረገች ስንት ክረምትና ስንት በጋ አሳለፈች፤ እሱም አንድ ቀን ወርዶ አልመጣም። ግትር ነበር፣ እግዜር ይይለት።

አንድ ቀን ዝገቱ መጋረጃ ሊያሰፋ መጣ። ወሬ ካልነገረ ሆዱ የሚነፋ ሰው ነው። ሹፌሩ በንዴት የርግብ አንገቱን ሆድ ውሃ ሞልቶ ለውሻው መጠጫ አድርጎታል አላት። መጋረጃዋ የያዘችው መቀስ እጇ ላይ ቆመ። «ኢናሜሉን እኮ ይበላዋል» አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ዝገቱ ለውሻው ያዘነች መሰለው። እሷም ለራሷ ገረማት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ተቃጥሎ ነው ያደረገው። ግን ያ ውሃ ከኢናሜሉ በታች እየገባ፣ ብረቱን እየላሰ፣ ከጫፉ ስንጥቅ ሲያወጣበት ታያት። ለካ ስታሽ ስታሽ፣ ስታይ ስታይ፣ ነገሩ በእጇ ገብቶ ልቧ ደርሷል።

በሚቀጥለው እሑድ ዝገቱ ጓሮ ተገኘች። እልህ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም ብላ ለእህቷ ነገረቻት። ለክዳኖቼ ሆድ ገዝቼላቸው፣ ሙሉ አድርጌ በመስኮት አሳየዋለሁ፣ ዓይኑ ይፍሰስ አለች። የጨርቅ ቀለም ሲያመሳስል የኖረ ዓይን አላት፤ የክር ጥቅሎች በቦርሳዋ ይዛ እየመጣች እያንዳንዱ ሆድ ላይ እያስቀመጠች ታስተያያለች። ቀይ ብላችሁ የምትሸጡት ይሄ ቀይ ነው? ይሄ የጡብ ቀለም ነው ብላ የጥርስ ሐኪሙን አሳፍራለች፤ እሱም መልሶ አሳፍሯታል። ለቀዩዋ ክዳን ሆድ አግኝታ ገጣጥማ ስታበቃ ከዳር ሆኖ «እንኳን ለሁለተኛ ትዳርሽ አደረሰሽ» አላት። ጓሮው በሳቅ ሞላ። እሷም ሳቀች። ግን ያን ቀን ቀዩን ሆድ ሱቁ ድረስ ይዛ መጥታ ብቻዋን ስታየው ከክዳኑ ጋር አልተስማማም። የገዛችውን ሁሉ ሆድ አንድ በአንድ መልሳ ሸጠች። ሌላ ሆድ አትፈልግም፤ የራሳቸውን ነው የምትፈልገው። ከሁሉም በላይ የርግብ አንገቷን።

«እታለም፣ አንቺም እኮ ተለክፈሻል» አለቻት እህቷ።

«እኔ ቂም ነው ያለኝ» አለቻት።

እህቷ ግድግዳውን አየች፣ እሷን አየች፣ ሻይዋን ጠጣች። እንደ ድሮው አልሳቀችም።

ከዚያ ሹፌሩ ጠፋ። አውቶቡሱ ይመጣል፤ ግን አይቀንስም። ሌላ ወጣት ሹፌር ነው፤ በፌርማታው ሽው ብሎ ያልፋል፣ የሚወርድ እንኳ ካልጮኸበት አያቆምም። መጋረጃዋ ጨርቋን ይዛ ወጥታ ቆማ ቀረች። ዝገቱን በዘወርዋራ ጠየቀችው። ወገቡ አልሆን ብሎት ሥራውን ለቋል፣ ከከተማው ጫፍ የምትኖር ሴት አግብቷል፣ ምድጃም ትቷል አላት። ሆዶቹን ሁሉ ለእኔ በኪሎ ሸጦልኛል አለ ዝገቱ፣ አንዱን ብቻ አስቀርቶ። ትቷል? ትቷል። ይሄ ነገር ይተዋል እንዴ? እኔስ ምን ልሁን? አላለችም፣ ግን ፊቷ ላይ ነበር። ሰው ሲጠላው የኖረውን ሰው እንዲህ በድንገት ሲነጥቁት ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን ያልደረሰበት አያውቀውም። ክዳኖቹን ማሸት ተወች። ለአንድ ሳሎን የሰፋችው መጋረጃ አጥሮ ባለቤቶቹ መለሱት፤ በሕይወቷ ደርሶባት አያውቅም።

አንድ ጠዋት፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግታ እያለች፣ በሩ ተንኳኳ። ሹፌሩ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል፤ ደግሞ ወፍሯል፤ ተመችቶታል። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፏል። መጋረጃዋ መቀሷን አስቀመጠች። መጣ። በመጨረሻ ለልመና መጣ። ወንበሩን በእግሯ ገፋችለት፤ ውሃ አላቀረበችም። የተለማመደችው ቃል ሁሉ አፏ ላይ ተሰለፈ።

ደህና ነሽ ወይ፣ እህትሽ ደህና ናት፣ ልጇ አደገች ወይ አለ። ብርድ ልብሱን ገለጠ። የርግብ አንገቱ ሆድ ነው፤ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ከጫፉ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ብቻ ያለበት።

«ሁሉንም ሸጬ ይሄን መሸጥ አልሆንልኝ አለ» አለ። «ክዳኑ አንቺ ጋ ነው፤ ይገናኙ ብዬ ነው። ውሰጂው፣ ስጦታ ነው። እኛ እንግዲህ አሁን ንብ ነው የምናረባው፤ ባለቤቴ ናት ያስተማረችኝ። ማርም ይዤልሽ ልመጣ ነበር፣ ገና አልደረሰም።»

ሹፌሩ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ፣ እንደ ድሮ ፎቶግራፍ ፈገግ ብሎ አየው፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ የምልሽ፣ ለምን ነበር ግን እንዲህ የከፋፈልነው? ላስታውስ ብዬ ጠፋኝ። ቂሎች ነበርን እኮ።»

አያሾፍባትም። እውነቱን ነው፤ ጠፍቶታል። ያን ሁሉ ዓመት በሯ ላይ ሲቆም፣ አንገቱን ሲደፋ፣ ሲለምን ያየችው ሰውዬ ለካ የትም አልነበረም። ያዘጋጀችውን ብትናገር ይሰማታል፣ ያዝናል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ ይላል፣ ከዚያ ወደ ንቡ ይመለሳል። ቀሎት ይመለሳል! ይህን ስታስብ ዓይኗ ደም ለበሰ። አይሆንም። እንዲህ በቀላሉ አይሆንም።

ወንበር ላይ ወጥታ የርግብ አንገቷን ክዳን ከመስኮቱ አወረደች። ሆዱ ላይ ገጠመችው። ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ እጅ በጓንት ውስጥ እንደሚገባ ገባ፣ አረንጓዴው ከአረንጓዴው፣ ሰማያዊው ከሰማያዊው ጋር። ይህን ለማየት ስንት ዓመት እንደጠበቀች እሷ ታውቃለች። የእኔ ሁን ብትል ይሆናል፣ ስጦታ ነው ብሎ ሰጥቷታል። እጇ ክዳኑ ላይ ቆየ። የሹፌሩን ዓይን ግን አየችው። ያ ዓይን ሆዱና ክዳኑ የተገናኙበት ላይ ሄዶ አልመለስ ብሏል። ያን ዓይን ታውቀዋለች፤ እሷም አለባት።

«ውሰደው» አለችው። ድምፅዋ ማር ነበር። «ሁለቱንም ውሰድ። ለእኔ ይህን ያህል ቦታ የት አለኝ?»

የለም የለም አለ። ትቻለሁ እኮ፣ ባለቤቴም አለ። አውራ ጣቱ ግን ሄዶ ያቺን ትንሽ ክብ ብረት እያሽከረከረ ነው፤ ፊደሏን ፈልጎ አገኛት፣ ዳሰሳት።

«አንድ ብቻ አይደል እንዴ?» አለችው መጋረጃዋ። «ግቢህ ጥግ ይቁም። አንድ ምን ያደርጋል?»

ብርድ ልብሱ አልበቃ ብሎት ከጥሩ ጨርቋ ቆርጣ ራሷ ጠቀለለችለት። ተሸክሞ መንገድ ሲሻገር አውቶቡስ ሊገጨው ነበር፤ ጥሩንባውን አልሰማም። በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈች። «ድብን በል» አለች። ከዚያ ባዶውን መስኮት አየችና እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ያቺ ክዳን ነገ ጠዋት አትኖርም። ይሁን። ርካሽ በቀል ምን በቀል ነው?

ብዙ አልቆየም፤ ዝገቱ እየሮጠ መጣ። ሰውየው ተመልሷል አላት። የርግብ አንገቱ ብቻውን ደበረው ይላል፣ የሸጣቸውን ሆዶች መልሼ ልግዛ እያለ ጓሮውን አተራምሶታል። እሰይ አለች መጋረጃዋ። ሰንበት ብሎ ራሱ ደግሞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ የቀይዋን ክዳን ስጪኝ፣ የቡናማዋን ስጪኝ፣ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ በእናትሽ ብሎ ለመናት። የጠበቀችው ቀን ይህ ነው። ቁጭ አደረገችው። አስባበት እነግርሃለሁ አለችና ሰደደችው። እንደገና መጣ፣ እንደገና ሰደደችው። ስትነግረኝ ደስ ብሎኝ ነበር ነው ያለችው፤ ደስታው የጠበቅሽውን ያህል ነበር ወይ ብላችሁ ግን አትጠይቋት፣ ምክንያቱም ሲለምን አያፍርም ነበር። ዓይኑ እያበራ፣ እጁን እያፋተገ፣ በደስታ ነው የሚለምን። ቢሆንም ተወጣሁት ብላለች። ተወጣሁት ብላ ሌሊቷን ተኝታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ወደ ሱቁ ገባች። ከመጋረጃዋ በዕድሜ ታንሳለች፤ እጆቿ በፀሐይ የጠቆሩ፣ አንዱ ጣቷ ያበጠ፣ ልብሷ ጭስ ጭስ የሚል። ጨርቅ የምትፈልግ መስሏት መጋረጃዋ ምን ቀለም ነው የሚፈልጉት አለቻት። ሴትዮዋ መጋረጃ አልፈልግም አለች። ሹፌሩ ባሌ ነው አለች። መጋረጃዋ ወንበር ሳበችላት፤ ውሃም አቀረበችላት።

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ነገረቻት። ቀፎዎቹ የእሷ ነበሩ፤ እሱን ሳታውቀው በፊት፣ በገዛ እጇ ሠርታ ያቆመቻቸው። ባለፈው ማር ይዛ ገበያ ሄዳ ስትመለስ ግማሾቹ የሉም፤ ባሏ ቢጫ ምድጃ አጠገብ ቆሞ ፈገግ ብሏል። ንብ ይራባል፣ ይህ ግን አይገኝም አላት። አልተቆጣሁም አለች ሴትዮዋ፣ መቆጣት እንኳ አልቻልኩም። የመጀመሪያውን ምድጃ የሰጡት እርስዎ ነዎት፣ ደግነትዎን ሁልጊዜ ያወራል፤ እርስዎን ይሰማልና ይምከሩልኝ ብዬ ነው የመጣሁት አለች። እንዲህ እያለች ዓይኗ ግድግዳው ላይ ሄደ። ክዳኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ከቀዩ እስከ ቢጫው። ከዚያ ፊቷ እየተለወጠ ሄደ፤ የውሃውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«ሲሰጡት እንዲህ እንደሚሆን ያውቁ ነበር?» አለች።

መዋሸት ትችል ነበር። ከሹፌሩ በስተቀር ማንንም ዋሽታ አታውቅም።

«አዎ» አለች መጋረጃዋ።

«እኔ ምን አደረግኩዎት?»

መጋረጃዋ ለሹፌሩ ያጠራቀመችው ቃል ሞልቷት ነበር፤ አንድ መንደር ሰድባ የሚተርፋት። ለዚህች ሴት የሚሆን ግን ፈልጋ ፈልጋ አንድም አጣች። አንገቷን ደፋች። ሴትዮዋ መልስ ጠበቀች፣ ብዙ ጠበቀች፣ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። በሩን ወርውራው ብትሄድ መጋረጃዋ በወደደች፤ እሷ ግን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።